ቤቱ የሰው፣ በሩ የኛ

እትዬ ሚስማር በሩን እያሻሹ ያለቅሳሉ።

«ወይኔ ወንድሜ! ወይኔ የቤቴ አክባሪ!» አንድ እጃቸው ደረታቸውን ይደቃል፤ ሌላው ማጠፊያውን ይዳስሳል። የለቅሶው ሁለተኛ ቀን ነው። ለቀስተኛው ሁሉ ፕላስቲክ ወንበሩ ላይ አንገቱን ደፍቶ ሻዩን ሲያማስል፣ ዓይኗን ከአከራይዋ እጅ ያልነቀለችው የሟች ልጅ ብቻ ነበረች። ፋርማሲስት ናት፤ ሰው በአፉ ሌላ እያወራ እጁ ወደ የትኛው ብልቃጥ እንደሚሄድ ማየት ለምዳለች።

«ሚስማር» የሚለውን ስም ያወጣላቸው ቤተሰቡ ነው። ቤቱን ሊያሳዩ የመጡ ዕለት፣ ገና ሰላም ሳይሉ «ግድግዳው ላይ ሚስማር እንዳትመቱ» ብለው ነበር።

«አንቺ ልጄ» አሉ፣ ዕንባቸውን በመሀረብ ጠርገው አጠገቧ ሸጎጥ እያሉ። «ጊዜው አይደለም እንጂ... ውሉ በአባትሽ ስም ነበር። እንግዲህ አብሮት አረፈ።»

«ውሉም?»

«ውሉም። በአዲስ ዋጋ እንነጋገራለን። ካልሆነላችሁ ደግሞ እስከ እሑድ እታገሣለሁ፤ ጨካኝ አይደለሁም። በሩ ግን ከቤቱ ጋር ነው። ቤት ላይ የተገጠመ የቤት ነው።»

ይኼን ብለው ወደ ልቅሷቸው ተመለሱ።

አባቷ አናጢ ነበር። ልጅ ሳለች የተከራዩት የመጀመሪያ ቤት በሩ ቆርቆሮ ነበር፤ አከራዩ ደግሞ ማንኳኳት የሚባል ነገር ጨርሶ የማያውቁ ሰው ነበሩ። አንድ ጧት እናቷ ልብሷን ግማሽ አውልቃ እሷን እያጠበች ሳለ፣ ዘው ብለው ገብተው አምፖል ቆጠሩ። አባቷ በዚያው ሳምንት ከሚሠራበት የእንጨት ቤት የተራረፈ ጠንካራ ጣውላ ሰብስቦ በር ሠራ። ቆርቆሮውን ነቅሎ ጓሮ አስደገፈና የራሱን ሰቀለ። አከራዩ በማግሥቱ መጡ። ገፉ። አልተከፈተም። በትከሻቸው ሞከሩ። በመጨረሻ፣ ምናልባትም በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አንኳኩ።

«ማነው?» አለ አባቷ፣ ማን እንደሆኑ አሳምሮ እያወቀ። ሦስት ጊዜ አስደገማቸው።

«ቤቱ የሰው ነው» ይል ነበር ከዚያ ወዲህ። «በሩ የኛ ነው። ስለዚህ ያንኳኳሉ።»

ሰባት ቤት ቀያየሩ። አንዱ «ልጄን ልድርበት ነው» ብሎ አስወጣቸው፤ ልጅ አልነበረውም። አንዷ «ላድሰው ነው» አለች፤ ያደሰችው ኪራዩን ነው። ሲወጡ አባቷ የባለቤቱን በር ቀለም ቀብቶ፣ ማጠፊያውን ዘይት አጠጥቶ ወደ ቦታው ይመልስና የራሱን ተሸክሞ ይሄዳል። አዲሱ ቤት መግቢያው ጠባብ ከሆነ በሩን ይልጋል፤ ሰፊ ከሆነ ጠርዙ ላይ ቀጭን ጣውላ ይለጥፋል። ከሰባት ቤት በኋላ የበሩ ጠርዝ ቡናማ፣ ቢጫ፣ ቀይ ዳማ እያለ ዝንጉርጉር ሆኖ ነበር።

በሦስተኛው ቀን አጎቷ፣ የእናቷ ታናሽ ወንድም፣ ስልኩን አወጣ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አፓርታማ ገዝቷል፤ እስካሁንም ያላሳየው ሰው የለም። ስክሪኑ ላይ ውኃ ያቆረ ሰፊ ጉድጓድ አለ።

«ይኼ ጥግ ሳሎን ነው።»

«እንቁራሪቷ ያለችበት?» አለ ከጎኑ የተቀመጠ ለቀስተኛ።

«እሷ መኝታ ቤት ናት።» አጎቷ ወደ እህቱ ዞረ። «እህቴ፣ ያኔ ባልሽን ስለምነው አብሮኝ ገዝቶ ቢሆን ዛሬ የአከራይ ፊት አታዪም ነበር። ጉድጓድም ቢሆን የራስ ነው።»

እናትየው ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች።

«ጉድጓድማ ባሌም ከትናንት በስቲያ ገባበት። አሥራ አንድ ዓመት አልጠበቀም።»

ሁለት ሰው ሻይ ትን አላቸው።

ለቀስተኛው ሲበተን ግን ለልጇ ሌላ ነገር ነገረቻት። «ወንድሜ አልዋሸም። ያኔ ገንዘቡ ነበረን። አባትሽ ሻጩን ‹በሩ የት አለ?› ብሎ ጠየቀው። ‹በር መጨረሻ ላይ ነው የሚገጠመው› ቢለው ተነሥቶ ወጣ። ወር ሙሉ አላናገርኩትም። በኋላ አሳቀኝና ታረቅን። አሁን የሚያስቀኝ ሄደ፤ ዕቃ መሸከሙ ብቻ ተረፈኝ። በሩን ስጫቸውና እንሂድ። ደክሞኛል።»

ልጅቷም ቤት በለወጡ ቁጥር ድስት ተሸክማለች።

በአራተኛው ቀን እትዬ ሚስማር ጥቁር የለበሱ ወጣት ባልና ሚስት አስከትለው መጡ። «የሟች ወዳጆች ናቸው» ብለው አስቀመጧቸው። ሴቲቱ ወደ ፋርማሲስቷ ጠጋ አለች።

«በጣም ያሳዝናል» አለች በሹክሹክታ። «ሻወሩ ሙቅ ውኃ አለው?»

ባልየው ከሟቹ ፎቶ ሥር ግድግዳውን በስንዝር ይለካል።

«ፍሪጁ ይገባል?» አለችው ፋርማሲስቷ።

«ሁለት ስንዝር ይጎድላል» አለና ደንግጦ «ነፍስ ይማር!» ብሎ ቁጭ አለ።

ፋርማሲስቷ አከራይዋን ወደ በሩ ይዛቸው ሄደች። «እትዬ፣ የእርስዎ በር የት አለ? አባቴ ነቅሎ ጓሮ አስቀምጦልዎት ነበር። እሱን መልሰን እንስቀልና እንሂድልዎት።»

እትዬ ሚስማር ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «እሱንማ... የኋላዋን ክፍል ገጥሜበት አከራየኋት።»

«እንግዲያው ይኼ የቤቱ በር አይደለም። የቤቱ በር ሥራ ላይ ነው።»

በማግሥቱ ጧት ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ሥራ ገባች። መድኃኒት ሊወስድ የመጣውን ሁሉ፣ «ከምግብ በኋላ ይውሰዱ፤ የሚከራይ ክፍል ያውቃሉ?» እያለች ጠየቀች። የደም ግፊት ደንበኛዋ የሆኑ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ሁለት ክፍል አለኝ አሏት።

«ሚስማር ይመታል?»

«ግድግዳው እስከቻለ።»

ስትመለስ የአባቷ የሥራ ባልደረቦች፣ አራት አናጢዎች፣ ለቅሶ ተቀምጠዋል። በጆሯቸው ሹክ አለቻቸው። ሻያቸውን አስቀምጠው ተነሡ፤ ከኪሳቸው መፍቻ ወጣ። ለቅሶ ቤትም መፍቻ ይዘው የሚሄዱ ሰዎች ናቸው።

እትዬ ሚስማር እየሮጡ መጡ። «ምን ጉድ ነው! ቤቴን ያለ በር ልታስቀሩት ነው?»

ሁሉም እናትየውን አየ። አንዲት ቃል ከተናገረች በሩ ይቀራል። እሷ ግን አከራይዋን ሳይሆን፣ ከማጠፊያው ሲላቀቅ ብርሃን ላይ የወጣውን ዝንጉርጉር ጠርዝ ታያለች። ከተቀመጠችበት ተነሣች።

«እትዬ፣ ለቅሶ ቤት ተዘግቶ ያውቃል?» አለች። «ማንሣት ነው እንጂ፣ ምን ትጠብቃላችሁ?»

አራቱ በሩን አጋድመው በትከሻቸው ተሸከሙት። እናትና ልጅ ተከተሉ። ለቀስተኛው ደግሞ ወንበሩን ራሱ ላይ ገልብጦ፣ የሻዩን ማንቆርቆሪያ ይዞ ከኋላ ተመመ። ጥቁር የለበሰ ሕዝብ በአራት ሰው ትከሻ ላይ ጋደም ያለ ጣውላ ተከትሎ ሲያልፍ ያየ መንገደኛ ባርኔጣውን አወለቀ። አውቶቡስ ቆመ። ባለሱቁ ሬዲዮውን ዘጋ። ማንም «በር ነው» አላለም። አጎቷ እንኳ ስልኩን ኪሱ ከቶ አንዱን ጥግ ተቀበለ።

አዲሱ ቤት መግቢያው በሁለት ጣት ሰፋ። በሩን ሰቀሉት፤ በጠርዙና በመቃኑ መሀል ግን ነፋስ ያፏጫል።

«ነገ ጣውላ ቆርጬ እለጥፍበታለሁ» አለ ከአናጢዎቹ ትልቁ።

«ዛሬስ?» አለች እናትየው።

መልስ አልጠበቀችም። ጥቁር ሻሿን ከራሷ ላይ ፈታች።

«እማ፣ ሀዘኑ አላለቀም እኮ፤ ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ያንኳኳና ይበል።»

ሻሿን አጠፈችው፤ ደግማ አጠፈችው። ከላይ ጀምራ፣ በጣቷ እየጠቀጠቀች፣ እስከ ታች ድረስ ክፍተቱን ሞላችው።