በአንድ እጅ የሚቃኝ ክራር

ጅዳ ሰው ቤት ስሠራ የሥጋ መፍጫ ማሽን የቀኝ እጄን ጣቶች ወሰደብኝ። አገሬ መካነ ሰላም ስገባ ዘመድ ሁሉ "እንኳን ነፍስሽ ተረፈች" አለኝ። ነፍሴማ ተርፋለች፤ ክራሬ ግን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። እሱን እያየሁ ስንት ቀን አለቀስኩ።

ለቅሶው ሲሰለቸኝ ጫማ ሰፊው ሙሐሲን ዘንድ ሄድኩ። "ክንዴ ላይ የሚታሰር ቆዳ ስፋልኝ፤ ጫፉ ላይ አውታሩን የምመታበት ቀንድ ይሰካበት" አልኩት። የመጀመሪያው ላላ። ሁለተኛው ክንዴን ላጠው።

"ወላሂ ሙሉሐረግ፣ ለበቅሎ ኮርቻ ብሰፋ ይቀለኝ ነበር" አለኝ።

"በቅሎ ክራር አትመታም፤ ስፋ!"

በመጨረሻ ልክ መጣልኝ። ክራሩን ለመቃኘት አውታሮቹ የታሰሩበትን ጨርቅ መጠምዘዝ ሁለት እጅ ስለሚፈልግ፣ የአሮጌ ጊታር መቃኛ አስገጠምኩበት። ግራ እጄ ብቻውን ያዞረዋል።

ጎረቤታችን እትዬ እናኑ ልጃቸውን ሲድሩ "እኔ ልጫወት" አልኳቸው። ከንፈራቸውን መጠጥ አድርገው "እሺ ልጄ፣ ትንሽ ትነካኪልናለሽ" አሉኝ። ያቺ "ትንሽ" አንጀቴን አሳረረችው። ያን ቀን ክራር መቺ ካልተባልኩ ክራሩን ልሸጠው ቆርጬ ዳሱ ገባሁ።

ገና ስጀምር ሰው ሁሉ ጭፈራውን ትቶ እጄን ያያል። የሙሽራው አጎት ጋሽ መለሰ መጡና ብር ጭኔ ላይ ጣል አድርገው "እግዜር ይማርሽ" አሉኝ።

ምቱን አቆምኩ። "ጋሽ መለሰ፣ ምጽዋት ከሆነ ለሚለምን ይስጡልኝ። ሽልማት ከሆነ ግንባሬ ይኸውና!"

እትዬ እናኑ "ኧረ በእመብርሃን!" ብለው አፋቸውን ያዙ። ጋሽ መለሰ ብሩን አንስተው ኪሳቸው ከተቱት።

"እንግዲያው ተጫወቺና እናያለን" አሉ።

ደስ አለኝ! ስንት ጊዜ ሲታዘንልኝ ኖሬ፣ ዛሬ የሚፈትነኝ ሰው አገኘሁ። ሞቅ ያለውን የወሎ ምት ለቀቅሁት። መጀመሪያ ልጃገረዶቹ ተነሱ፣ ቀጥሎ ሚዜዎቹ፤ ትንሽ ቆይቶ እጄን የሚያይ ጠፋ። ትንፋሽ ልወስድ ቆም ስል "ምን ሆነሽ ነው የምታቆሚው? ቀጥዪ እንጂ!" የሚል ቁጣ ከየጥጉ ወረደብኝ። እንደዚያ ቁጣ የጣፈጠኝ ነገር የለም።

ጋሽ መለሰ ትከሻቸውን እየሰበቁ መጡና ብሩን ላብ ባጠመቀው ግንባሬ ላይ ለጠፉት።

"እጅሽ ይባረክ!" አሉኝ።

"የትኛው?" አልኳቸው፣ ምቱን ሳላቋርጥ።

"ሁለቱም!" ብለው እየጨፈሩ ተመለሱ።