ለጉብኝት የተዋሷቸው ልጆች

የወረዳው የሕፃናት ማቆያ እጅግ ያምር ነበር። ግድግዳው ላይ ፈገግ ያለ ዝሆን ተስሏል። አልጋዎቹ ከነፕላስቲካቸው ተደርድረዋል። መጫወቻዎቹ ልጅ እንዳይነካቸው ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ወጥተዋል። ሪባኑ ከተቆረጠ ወዲህ የተሰበረ ዕቃ የለም፣ የቆሸሸ አንሶላ የለም፣ የገባ ልጅም የለም።

ረሂማ ይህን ሁሉ የምታየው በመስኮት ነው። መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ አስፋልት ዳር ሻሽ ዘርግታ ትሸጣለች። ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጇ ሙስአብ አጠገቧ ትልቅ ካርቶን ውስጥ ተቀምጦ ይውላል። ደንብ አስከባሪ ሲመጣ መጀመሪያ የምታነሳው ሻሹን ነው እያሉ ያሾፉባታል። ሐሜት ነው፤ ሁለቱንም ባንዴ ነው የምታነሳው።

አንድ ቀን ሻሽ በጅምላ የሚያከፋፍሉት ሐጂ ጠሀ አስጠሯት።

"ሱቄ ሻጭ ይፈልጋል፤ አንቺ ደግሞ ምላስ አለሽ። ከሰኞ ጀምሮ ነይ። ልጁን ግን እንዳታመጪብኝ፤ ጨርቁ ላይ ይሸናብኛል።"

ጣሪያ ያለው ሥራ! ደንብ አስከባሪ የማያሯሩጠው ሥራ! ረሂማ ወደ ማቆያው በረረች።

የማቆያው አስተባባሪ አቶ ፈለቀ ትሁት ሰው ነው፤ እምቢ ሲል እንኳ ደረቱ ላይ እጁን ያሳርፋል።

"እህቴ፣ ማቆያው የኅብረተሰቡ ነው፤ ያንቺ ነው። የምንቀበለው ግን ከጉብኝቱ በኋላ ነው።"

"የምን ጉብኝት?"

"ከላይ መጥተው ያዩናል። ልጆች ከገቡበት ይቆሽሻል፤ ቆሽሾ ከታየ ደግሞ ሥራ አልሠራችሁም እንባላለን።"

"ከዚያ በኋላስ ስንት ሰዓት ትከፍታላችሁ?"

"በመንግሥት ሰዓት ነዋ፣ ሁለት ተኩል። ምሳ ሰዓት መጥተሽ ታወጪዋለሽ፣ ከምሳ በኋላ ትመልሺዋለሽ። ሞግዚቶቹም ሰው ናቸው፣ ይበላሉ።"

ሐጂ ጠሀ ሱቃቸውን የሚከፍቱት ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ የክፍለ ሀገር ነጋዴ ከአውቶቡስ ወርዶ በቀጥታ ወደ እሳቸው ይመጣል። ሁለት ተኩል ሲሆን ዋናው ገበያ አልቋል። ይህን የቢሮ ሰዓት ለመርካቶ ሕፃን የለካለት ሰው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ልጅ አዝሎ የነገደ እንዳልሆነ ግን ያስታውቃል።

"አንቺ ሞኝ፣ ልጅ ሊያስገቡበት የከፈቱት መሰለሽ?" አሉና ሳቁባት፣ አጠገቧ ካልሲ የሚሸጡት እትዬ ሠርኬ።

ዓርብ ዕለት አቶ ፈለቀ ራሱ እየሮጠ መጣ። ጎብኚዋ ኃላፊ መንገድ ላይ ናቸው፤ ባዶ አልጋ ማየት እንደማይወዱ ደግሞ ገና አሁን ተነግሮታል።

"ረሂማ እህቴ፣ ሙስአብን ለአንድ ሰዓት ብቻ አውሺኝ!"

ፈለቀ እዚያው መርካቶ፣ ሰባተኛ ሰፈር ተወልዶ ያደገ የነጋዴ ልጅ ነው። መርካቶ ውስጥ ደንበኛ የጠየቀው ዕቃ ከሌለህ "የለም" አትልም። "መጋዘን ነው፣ አንዴ ተቀመጥ" ትለውና በጓሮ ወጥተህ ከጎረቤት ሱቅ ተውሰህ ታሳየዋለህ። ካልገዛ ዕቃው ወደ ጎረቤት ይመለሳል። ወረዳውም ያንኑ አደረገ፤ ከቆሎ ሻጯ፣ ከሎሚ ሻጯ፣ ከፌስታል ሻጯ እየተዋሰ አልጋዎቹን ሞላ።

"አውስዎታለሁ" አለች ረሂማ፤ "ግን ሰኞ ይገባል?"

"እሱን በኋላ እንነጋገርበታለን። አንቺም ነይ፣ ካሜራ አለ። ስትጠየቂ አመስግኚ፤ ሌላ ነገር እንዳትቀላቅዪ።"

"ኧረ አልቀላቅልም።"

ኃላፊዋ ከነአጀባቸው ገቡ። አልጋ የማያውቀው ሙስአብ፣ አልጋው የመጣበትን ካርቶን ጥግ ላይ አግኝቶ ውስጡ ተሰይሟል። የሎሚ ሻጯና የቆሎ ሻጯ ልጆች ቦታ ይገባናል ብለው ፀጉሩን ይዘውታል።

"ይሄ ምንድን ነው?" አሉ ኃላፊዋ።

"ይሄ... በአካባቢ ቁሳቁስ የሚሰጥ የጨዋታ ዘዴ ነው" አለ ፈለቀ።

አጀቡ በሙሉ ጻፈው።

ከዚያ ካሜራው ወደ ረሂማ ዞረ። "እናት፣ በአገልግሎቱ ረክተሻል?"

ረሂማ እውነቱን ብትናገር ሙስአብ ወደ አስፋልቱ ይመለሳል። ብታመሰግንም ከነምስጋናዋ ይመለሳል።

"በጣም! አላህ ይስጣቸው! በተለይ ከሰኞ ጀምሮ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ይከፈታል፣ ምሳ ሰዓትም አይዘጋም ሲሉን እንባዬ ነው የመጣው። አቶ ፈለቀን 'እንዴት አሰባችሁት?' ብላቸው፣ 'ሐሳቡ የኃላፊዋ ነው' አሉኝ።"

ኃላፊዋ እንዲህ ያለ ሐሳብ መጥቶላቸው እንደሚያውቅ አላስታወሱም። ካሜራው ሲጠጋቸው ግን አስታወሱ።

"አዎ፣ የሕዝባችንን የሥራ ባሕርይ ያገናዘበ ነው። ሰኞ እንጀምራለን።"

በር ላይ ቆመው የነበሩት እትዬ ሠርኬ እልል አሉ። አጀቡ አጨበጨበ። ፈለቀም አጨበጨበ፤ ምን ያድርግ?

እንግዶቹ እንደወጡ ፈለቀ ረሂማን ጥግ አስያዛት። "ምን አደረግሽኝ?"

"ምን አደረግኩዎት? አመስግኚ አላሉኝም?"

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ረሂማ ሙስአብን አዝላ በሩ ላይ ቆመች። ሌሎቹም እናቶች አንድ በአንድ ከኋላዋ መጡ። ፈለቀ ፊቱን ሳይታጠብ፣ ቁልፍ እያንጠለጠለ ደረሰ።

"ሞግዚቶቹ ከሁለት ተኩል በፊት አይመጡም። ትርፍ ሰዓት የሚከፍላቸው የለም።"

"ታዲያ እስከዚያ ማን ይይዛቸዋል?"

ፈለቀ ዙሪያውን ቃኘ። ከእሱ ሌላ የመንግሥት ሠራተኛ አልነበረም። ረሂማ ልጁን ከጀርባዋ አውርዳ አስታቀፈችውና ሮጠች። ሙስአብ ጮኸ። ጩኸቱ እስከ መታጠፊያው ተከተላት፤ እዚያ ስትደርስ ቆመች። ዞራ አየች። ከኋላዋ የነበሩት እናቶችም ልጆቻቸውን እያወረዱ ነው፤ ፈለቀ በልጆቹ መሐል አይታይም። ሻሿን አጥብቃ አሰረችና ሄደች።

ሐጂ ጠሀን የሻሽ ቦንዳ ሲፈቱ አገኘቻቸው።

"ልጁን የት ጣልሽው?"

"መንግሥት ታቅፎታል።"

ሐጂ ቀና ብለው አዩዋት። "ቻለው?"

"ሁለቱም እያለቀሱ ነው" አለችና የመጀመሪያውን ሻሽ ዘረጋች።