የቀሚሱ ቀለም

«ፎቶው አልደረሰም እንዴ?» አለች አክስቷ፣ የሻይ ብርጭቆዎቹን ከለቀስተኞቹ ፊት እየሰበሰበች። «አባትሽ ዛሬም ጠይቆኛል።»

«ነገ ይደርሳል፤ ማተሚያ ቤቱ ሥራ በዝቶበት ነው» አለች ልጅቷ።

ውሸቷን ነው። ፎቶው ታትሞ ቦርሳዋ ውስጥ ከተቀመጠ ሰንብቷል። ለማውጣት የፈራችው ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ነው። ከቀብር እንደተመለሱ አባቷ እጇን ይዞ፣ «እናትሽ በአዲሱ ቀሚሷ የሳቀችበትን አሳትሚልኝ፤ ከነቀለሙ» ብሏት ነበር። ከዚያ ወዲህ ፎቶውን ከመጠየቅና ከ«እግዜር ይስጥልኝ» በቀር ይህ ነው የሚባል ቃል አልተናገረም። በዚህች አንድ ነገር እንኳ ልታሳዝነው አልፈለገችም።

ልጅቷ ፋርማሲ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ናት። ከባልደረባዋ አሮጌ ካሜራ ከገዛች ወዲህ ግን ፎቶ ማንሳት ለክፏታል። የምታነሳው የረጠበ ጫማ፣ የተገለበጠ ባልዲ፣ ሰው ያልተቀመጠበት የአውቶቡስ መጠበቂያ ወንበር ነው። ከሥራ ስትመለስ ኮምፒውተሯ ላይ ቀለሙን ታጠፋና ጥላውን ታጠቁረዋለች፤ ሳይጥማት ሲቀር ደግማ ትጀምረዋለች። ልብስ ሰፊዋ እናቷ ይህ ነገር አይገባትም ነበር።

«እኔ ክር ከጨርቅ ሳመሳስል ዓይኔ ሊጠፋ ነው፤ አንቺ ቁጭ ብለሽ ቀለም ታጥቢያለሽ» ትላት ነበር። ወዲያው ደግሞ መነጽሯን ታደርግና፣ «እስቲ ባልዲውን አሳዪኝ» ትላለች፤ በሕይወት ሳለች።

የእናቷንም ፎቶ እንዲሁ ስትሞክርበት፣ ኮምፒውተሩ በነበረው ላይ ይተካ ወይ ብሎ ጠየቃት። ሐሳቧ ጥላው ላይ ስለነበር አዎ አለችው። የካሜራው ካርድ ላይ ያለውን ቀድማ አጥፍታው ስለነበር ባለቀለሙ በዚያው ጠፋ። ያኔ ምንም አልመሰላትም፤ እናቷ እዚያው ቤት ውስጥ ናት፤ ሌላ ታነሳታለች።

ቀሚሱም የለም። አንዲት ደንበኛ «ሲያምር!» ብትላት እናቷ አጥባ፣ ተኩሳ ሰጥታታለች፤ ሴትየዋም አገር ቀይራ ሄዳለች። ልጅቷ ቀለሙን በኮምፒውተር መልሳ ልትቀባው ሞክራ ነበር፤ ግን አንዴ አረንጓዴ፣ አንዴ ሰማያዊ ይመስላታል። የእናቷን ልብስ ቀለም መርሳቷ ከሁሉ በላይ አንገበገባት።

አክስቷን ተከትላ ወደ ማድ ቤት ገባች። «አክስቴ፣ ያ ቀሚሷ ምን ዓይነት ነበር?» አለቻት በሹክሹክታ።

«ሰማያዊ ነዋ።»

ብርጭቆ ታጥብ የነበረችው የእናቷ የሥራ ባልንጀራ ዞር አለች። «የምን ሰማያዊ? አረንጓዴ ነው። ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ስሰፋ የምውለው እኔ አይደለሁ?»

«ዚፑ እምቢ ሲላት ከኋላዋ ቆሜ የዘጋሁላትስ እኔ አይደለሁ?»

«እንግዲህ ዓይንሽን ተመርመሪ።»

«አንቺ ብሎ ልብስ ሰፊ!»

ሹክሹክታው ቀርቶ ድምፃቸው ሳሎን ደረሰ። ለቀስተኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። አክስቲቱ አፏን በእጇ ያዘች። አባትየው አቀርቅሮ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ልጅቷ በበሩ አየችውና አለቀሰ ብላ ወደ እሱ ሮጠች። እየሳቀ ነበር።

«ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» አለ። «ጨርቁ አልበቃት ብሎ ፊቱን አረንጓዴ፣ ጀርባውን ሰማያዊ አደረገችው። ሰው እንዳያይባት ደግሞ ከክፍል የምትወጣው ወደ ኋላዋ እየሄደች ነው፤ ንጉሥ ፊት የቀረበች ይመስል።» ዓይኑን ጠረገ። «አንቺ ካሜራሽን ደግነሽ ስትመጪ ወደ ኋላ ሸሸችና በሩን ገጨችው። የሳቀችው ለዚያ ነው።»

ቤቱ ሁሉ ሳቀ። የሥራ ባልንጀራዋ፣ «አዬ ጉድ፣ ለካ ለዚህ ነው ሁልጊዜ እኔን ቅደሚ የምትለኝ» ብላ እንባዋን አበሰች።

ልጅቷ ቦርሳዋን ከፈተች። ደጋግማ ካሰበችበት ይበልጥ እንደምትፈራ ታውቃለች።

«አባዬ፣ ፎቶው ከደረሰ ቆይቷል። ቀለሙን ግን አጥፍቼዋለሁ። ባለቀለሙ የለም።»

ተቀበላት። ብዙ አየው። ልጅቷ እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው ጠፋት።

«ሐኪም ቤት የነበረው ፊቷ ነበር ዓይኔ ላይ የቀረው» አለ በመጨረሻ። «ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር የሚመጣብኝ እሱ ነው። ቀለሙን እኔ አውቀዋለሁ፤ ሳቋ ነው የጠፋኝ።»

አክስቷ ልትሰቅለው እጇን ዘረጋች። «ትንሽ ቆዪ» አላት።

ከዚያ ፈቀቅ ብሎ ለልጁ ቦታ ለቀቀላት። ስትቀመጥ ፎቶውን ግማሹን በራሱ ጉልበት ላይ፣ ግማሹን በእሷ ላይ አደረገው።