የጭልፊቱ ቀኝ ክንፍ

አያት ከልጅ ልጃቸው ጀርባ ተቀምጠው እጃቸውን ያፍተለትላሉ። ልጅቷ ከጠዋት ጀምሮ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ አላነሳችም። ለአንድ መጽሐፍ የሳለችው ጭልፊት ክንፉን ዘርግቶ ስክሪኑን ሞልቶታል። እስከ ስድስት ሰዓት ለመጽሐፉ አዘጋጅ ካልደረሰ፣ ይህ የመጀመሪያ ሥራዋ ለሌላ ሠዓሊ ይሰጣል። አምስት ተኩል ሆኗል።

«ዓይንሽ ደም መስሏል፤ እስቲ ትንሽ አረፍ በይ።»

«አያቴ፣ በናትሽ!»

አያት አፋቸውን ያዙ። ዓይናቸውን ግን ማን ይያዝላቸው? የግራው ክንፍ ላባዎች በግራ ጠርዛቸው ፈክተው በቀኝ ጠቁረዋል። የቀኙ ክንፍ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ቢናገሩ ትቆጣለች፤ ዝም ቢሉ የልጅ ልጃቸው ልትዋረድ ነው።

«የኔ እናት፣ ይሄ ወፍ ስንት ፀሐይ ነው የሚሞቀው?»

«አሁን ቀልድ ያምርሻል?»

«እዚህ ብርሃኑ ከግራ መጣ፤ እዚያ ደግሞ ከቀኝ።»

ልጅቷ ክው አለች። ጊዜ ለመቆጠብ ብላ የግራውን ክንፍ ቀድታ፣ ገልብጣ ነበር በቀኝ የለጠፈችው። ጥላውም አብሮ ተገልብጧል። ይባስ ብሎ ላባውንና ጥላውን ለየብቻቸው ማስቀመጥ ሲገባት አንድ ላይ አዋህዳቸዋለች፤ ላባውን ትቶ ጥላውን ብቻ ማጥፋት አይቻልም።

ስልኩ ጮኸ። አዘጋጁ ነው።

«አንሺና አልቋል በይው! እንዲሁ እልከዋለሁ፤ ማን ልብ ይለዋል?» አለች ልጅቷ።

«አቤት» አሉ አያት ስልኩን አንስተው።

«እማማ፣ ሥዕሉ አለቀ?»

ልጅቷ «አዎ በይው» እያለች በእጇ ትጠቅሳለች።

«አላለቀም ጌታዬ። የቀኙ ክንፍ ጥላ ተገልብጦባት እንደገና ልትሠራው ነው።»

ልጅቷ ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች።

«እስከ ስምንት ሰዓት» አለ አዘጋጁ። «ከዚያ ወዲያ ማተሚያ ቤቱ አይጠብቀኝም። ደግሞ በእጇ ትሥራው፤ መገልበጥ የሚባል ነገር እንዳልሰማ!»

አያት የተባሉትን ነገሯት።

«ጉድ ሠራሽኝ እኮ!» አለች ልጅቷ።

ግን በኮምፒውተሩ የምትሥልበትን ብዕር አነሳች። የቀኙን ክንፍ ከበበችና አጠፋችው። ጭልፊቱ ባንድ ክንፉ ተንጠልጥሎ ቀረ። አያት ላለማየት ፊታቸውን አዞሩ።

«የት ትዞሪያለሽ? ነይ እዚህ ተቀመጪ» አለች ልጅቷ። «ብርሃኑን ከሳትኩ ንገሪኝ።»

አያት ወንበራቸውን አስጠጉ።

«በግራ በኩል ነው።»

«ኧረ አያቴ፣ ገና መች ነካሁት!»