የግራ እጅ ጓንት

ለፈረንሳይ ሕዝብ፣ ለወዳጅ አገሮችና ለሰፈራችን ለሞንትሮይ ነዋሪዎች በሙሉ፦ ሌባው በዛሬው ዕለት የግራ እጁን ጓንት ማውለቁን በታላቅ አክብሮት እናበስራለን።

ይህን ማስታወቂያ በስቱዲዮአችን በር ላይ የለጠፍኩት እኔ ኮሌት ነኝ፤ ፊልሙን የምቆርጠውና የምቀጥለው። ተዋናዩ ቀኑን ሙሉ ጓንት ሲያጠልቅ ሲያወልቅ ውሎ፣ ዳይሬክተራችን ቫስሮይ በመጨረሻ «ይኸው!» ያለበት ዕለት ነበር። ሌባው ካዝናውን በጓንት ይከፍታል፣ ገንዘቡን በጓንት ያፍሳል፣ ሊወጣ ሲል ግራ ጓንቱን አውልቆ በሩን በባዶ እጁ ይዳብሳል። በአሻራውም ይያዛል። ለምን እንዳደረገው ፊልሙ አይናገርም። ቫስሮይም አይናገርም፤ ለእኔም እንኳ።

ስቱዲዮአችን የድሮ ፍራሽ ፋብሪካ ነው። መብራቱ ሲሞቅ ከጣራው የሚረግፈው የበግ ጸጉር እስከ ዛሬ ያስነጥሰናል። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ሲጠሩት ቫስሮይ አልሄደም፤ መኪናውን ሸጦ ጣራውን አስጠገነ። እዚያ ቤት ውስጥ ማንም አዝዞን አያውቅም። ይህን ስናገር ደረቴን ብነፋ አይፈረድብኝም።

ችግሩ፣ ፊልማችንን ሲኒማ ቤት የሚያስገባልን አከፋፋዩ ሙሴ ዴልቡር ብቻ ነበር። እሱ እምቢ ካለ ቤቱ ተመልሶ የፍራሽ ይሆናል።

«አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ!» አለ ዴልቡር። «ሌባው ‹እናቴ የሞተችው ይህን ካዝና ስትወለውል ነው› ይበል። አለቀ!»

«እናቱ በሕይወት አለች» አለ ቫስሮይ።

«እንግዲያው ሚስቱ ትሙት!»

«ለእርስዎ ብሎ ማንም አይሞትም፣ ሙሴ።»

ዴልቡር ፊቱ ቀላ። «እሑድ ከሰዓት እዚሁ ሰፈር ሲኒማ ይታይ። ሕዝቡ ካፏጨ ዓረፍተ ነገሩ ይገባል። ካላፏጨ እንዳለ እወስደዋለሁ።»

«ይሁን።»

እኔ ራሴን ያዝኩ። እኛ አገር ፉጨት ስንት ሚኒስትርና ስንት ዘፋኝ ከመድረክ አውርዷል። የሞንትሮይ ሰው ደግሞ ለማፏጨት ምክንያት አይፈልግም፤ ከንፈር ይበቃዋል።

እሑድ ምሳውን የጠገበ ሕዝብ አዳራሹን ሞላው። ሌባው ጓንቱን ሲያወልቅ ሁሉም ጸጥ አለ። ወንበር እንኳ አልተንቋቋም። የቫስሮይን ክንድ ጨብጫለሁ።

ያኔ ከኋላ አንድ ወፍራም ድምፅ፦ «ስሚ ውዴ፣ ይህ ማለት ሰውየው መያዝ ፈልጎ ነው፤ በልጅነቱ እኮ...»

አዳራሹ በፉጨት ተናጋ።

«ዝም በል አንተ!»

«ማዳም፣ ባልሽን አንድ በይልን!»

«እኛ ዓይን የለንም እንዴ?»

መብራቱ ሲበራ፣ ድምፁ ከመጣበት ወንበር ሙሴ ዴልቡር ባርኔጣውን ታቅፎ ቆሟል። ሚስቱ ሳቋን በመሀረብ አፍናለች።

«መቼም ተፏጭቷል» አለ፣ ድምፁ ሰልሎ።

«በማን ላይ?» አልኩት።

ማዶ ካለው ቡና ቤት ስንገባ ክርክሩ ጦፏል። ሥጋ ሻጩ «ፍቅር ነው!» ይላል፤ ትኬት ቆራጯ «ንቀት ነው እንጂ፣ ደነዝ!» ትለዋለች። ቫስሮይ ጥግ ይዞ ነጭ ወይኑን እየጠጣ ያዳምጣል። እንደዚያን ቀን ቀጥ ብሎ ተቀምጦ አይቼው አላውቅም።

ዴልቡር ውሉን እዚያው ባንኮኒ ላይ ፈረመ፤ ያለ ዓረፍተ ነገሩ። ከዚያ ወደ ቫስሮይ ጆሮ ጠጋ አለ።

«ይኸው ፈርሜያለሁ። አሁን ለእኔ ብቻ ይንገሩኝ፤ ለማንም አልተነፍስም። ለምንድን ነው ያወለቀው?»

ቫስሮይ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«አልነግርዎትም።»