ማር ቀማሹ ኮሚቴ

«ከጀመረ ስንት ጊዜው ነው?» አለ ጓድ ለይኩን በሩ ላይ ቆሞ፣ አፍንጫውን ከራሱ አስቀድሞ ወደ ቤት እያስገባ።

«አራት ወሩ» አለች የሺሃረግ።

«አራት ወር!» ወደ አብዮት ጥበቃው ዞረ። «ሰማህ? አራት ወር ሙሉ ከሰፊው ሕዝብ ተደብቆ!»

«ኧረ አልደበቅሁትም ጓድ ሊቀመንበር! ብርድ እንዳይመታው ነው የሸፈንኩት። መጀመሪያ ጉንጩ ላይ ነበር፤ አሁን ወደ ክርኑ ወርዷል።»

ጓድ ለይኩን ብዙ ዓይነት ጠጅ ያውቃል፤ ጉንጭና ክርን ያለው ግን አላጋጠመውም። እሱ የመጣው ጠጅ ሊይዝ ነው። እሷ የምታወራው የአንድ ዓመት ከሁለት ወር ልጇን የፀሐዬን ችፌ ነው።

በእርግጥ ለይኩን ላይ ብቻ አይፈረድም። በዚያ በድርቁ ዓመት ቀበሌው ተሰብስቦ ተዝካር የሚባል ነገር እንዳይደገስ ወስኗል። የሺሃረግ ደግሞ አማቷ የሞቱት አምና ነው። በዚህ ላይ ሰቦቃ የሚባለው ከእንጦጦ ጀርባ ያለው ንብ አናቢ ማር በገንቦ በአህያ ጭኖ፣ የቀበናን ድልድይ በጠራራ ፀሐይ ተሻግሮ እሷ በር ላይ ሲያራግፍ ያላየ ሰው የለም። ማግስቱን ቤቷ ማር ማር ሸተተ። የቀበና ሰው ደግሞ ለራሱ ጉዳይ ካልሆነ በቀር ሒሳብ ፈጣን ነው፤ ደምሮ ጨረሰና ለቀበሌው አደረሰ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ልጁ ሲያክ ውሎ ሲያክ ያድራል። እጁ ላይ ካልሲ አጥልቃ ብታስረው በካልሲው ይፈትገዋል። ጤና ጣቢያ ሦስት ቀን ተሰልፋ፣ ሦስቱንም ቀን «ቅባቱ አልቋል» ተባለች። በመጨረሻ ጡረታ የወጡት ድሬሰር ጋሽ ዓምደ ሚካኤል ማርና ሰም ከለጋ ቅቤ ጋር በፈላ ውኃ ላይ አቅልጣ እንድትቀባው ነገሯት። ቀባችው። ቆዳው ለዘብ አለ። ችግሩ ፀሐዬ ማር መሆኑን ደርሶበት የክርኑን እጥፋት ሲልስ መዋሉ ነው።

«ጡት ያስጣልሽው በምንድን ነው?» አሏት ጋሽ ዓምደ ሚካኤል።

«በእሬት።»

«ታዲያ ምን ትጠይቂኛለሽ?»

እሬት ጨመረችበት። ልጁ አንዴ ላሰ፣ ፊቱን አጨማደደ፣ እናቱን እንደ ከሃዲ አያት፤ ሁለተኛ አልሞከረም። ከዚያ ሦስት ሌሊት ሙሉ ተኛ። የሺሃረግም ከአራት ወር በኋላ እንቅልፍ ምን እንደሚመስል አየች።

ይህን ሁሉ በሩ ላይ ቆማ አስረዳች። ጓድ ለይኩን ግን አብዮት ጥበቃ አስከትሎ መጥቶ ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው አይደለም። ጋን ፈለገ፣ የለም። ጌሾ ፈለገ፣ የለም። መጨረሻ ላይ የቅባቱን ብርጭቆ አነሳና «ለምርመራ» አለ።

ሁለት ቀን አለፈ። የፀሐዬ ክርን ደግሞ ደማ። ሰቦቃ ያመጣው ማር ከገንቦው ሥር የማያልፍ ነበር፤ በሙሉ ተነጥሮ የገባው እዚያ ብርጭቆ ውስጥ ነው፤ ሌላ ማር የሚቆረጠው ከወራት በኋላ ነው። በሦስተኛው ቀን ልጇን አዝላ ቀበሌ ሄደች።

ኮሚቴው ተሰብስቧል። አምስት ናቸው። ብርጭቆው ጠረጴዛው መሐል፣ ማኅተሙና የቃለ ጉባኤው መዝገብ አጠገብ ተቀምጧል። አጀንዳው አንድ ነው፤ ዕቃው ምግብ ነው ወይስ መድኃኒት? ምግብ ከሆነ በኅብረት ሱቅ በኩል ለሕዝብ ይከፋፈላል። መድኃኒት ከሆነ ያለፈቃድ የተሠራ ነውና ይወረሳል። የሺሃረግ ሁለቱንም መንገድ አየችው፤ ወደ ፀሐዬ ክርን የሚወስድ የለም።

«መድኃኒት ነው የሚለው የግለሰቧ ማሳበቢያ ነው» አለ ጓድ ለይኩን። «እኔ በአፍንጫዬ ደርሼበታለሁ። ጥርት ያለ ማር ነው። አሁን በምላሴ አረጋግጣለሁ።»

ጣቱን እስከ አንጓው ከቶ አወጣና ላሰ።

መጀመሪያ ዓይኑ ፈጠጠ። ቀጥሎ ጆሮው ቀላ። የሺሃረግ የልጇን ፊት በሊቀመንበሩ ፊት ላይ አየችው፤ ጢም ጨምሯል እንጂ ያው ነው። ግን ለይኩን ሊቀመንበር ነው፤ ማር ነው ብሎ ተናግሯል።

«ጣፋጭ» አለ፣ ድምፁ ቀጥኖ። «ቀጥሉ።»

የፍርድ ሸንጎው ዳኛ ቀመሰ። ሊቀመንበሩን አየ። «በጣም ጣፋጭ» አለና መሐረብ ፈለገ። የወጣቱ ተጠሪ «የእንጦጦ ማር መሆኑ ያስታውቃል» ብሎ ጣራ ጣራውን ማየት ጀመረ። ፀሐፊው ጣቱን ነክሮ ላሰ፣ ምላሱን አውጥቶ መለሰና እንባው እየወረደ «ጣፋጭ» ብሎ ጻፈ። የሴቶች ማኅበሯ ጓድ ታደለች ሦስት ልጅ ጡት አስጥላለች፤ ብርጭቆውን አሸተተችና የሺሃረግን በዓይኗ ጠቀሰቻት።

«እኔ ድምፄን ለብዙኃኑ ሰጥቻለሁ» አለች ጣቷን ሳትነክር።

ፀሐፊው አነበበ፤ «ዕቃው ጣፋጭ መሆኑ በሙሉ ድምፅ ተረጋግጧል።»

ፀሐዬ ከጀርባዋ አለቀሰ። የሺሃረግ አውርዳ አቀፈችው፣ ካልሲውን ከእጁ አወለቀች። ልጁ ወዲያው ክርኑን ያክ ጀመር። ክፍሉ ውስጥ ካለ ሰው ሁሉ ሳይዋሽ የሚሠራ እሱ ብቻ ነበር።

«እንግዲህ ይህ የእኔ አይደለም» አለች።

«እንዴት?» አለ ለይኩን።

«የእኔ እሬት አለበት። ለሕፃን ጡት ማስጣያ የምናደርገው እሬት። አንድ ጊዜ የቀመሰው ሰው ሲተፋ ይውላል። እናንተ ደግሞ አምስታችሁም ጣፋጭ ነው ብላችሁ ወሰናችሁ። ስለዚህ ጓዶች፣ የእኔን መራራውን ስጡኝ።»

ዳኛው መሐረቡን አፉ ላይ እንደያዘ ነው። ፀሐፊው ብዕሩን አንስቶ ሊቀመንበሩን ጠበቀ፤ ሊቀመንበሩ ምራቁ እስኪወርድለት ጠበቀ። አልወረደም። ቃለ ጉባኤው ቢሰረዝ አምስት ጓዶች ውሸታም ሊሆኑ ነው፤ ባይሰረዝ ደግሞ የቀበሌው ሕዝብ ነገ ከኅብረት ሱቅ እየተሰለፈ ይቀምሰዋል።

ጓድ ታደለች ብርጭቆውን በአንድ ጣቷ ገፋ አደረገችው፤ ወደ የሺሃረግ ተጠጋ።

ለይኩን ጉሮሮውን ጠረገ። «ለጊዜው ይህንን ጣፋጩን ውሰጂ» አለ። «መራራውን ፈልገን ስናገኘው እናስጠራሻለን።»

የሺሃረግ ብርጭቆውን አንስታ አራቱን የጣት ጉድጓድ አየች። እዚያው ቆማ ከዳሩ ጥቂት ቆንጥራ የልጇን ክርን ቀባች። ፀሐዬ ትንፋሹን ሳብ አደረገና ዝም አለ።

«እሺ ጓድ ሊቀመንበር» አለች፣ ብርጭቆውን በነጠላዋ ጫፍ እየጠቀለለች። «እስኪገኝ ድረስ በጣፋጩ ላይ ውኃ ይጠጡበት።»