ሌባውን ለመያዝ የጻፍኳት መስመር

አባቴ መሪጌታ ኪዳነ ማርያም ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። በዚያ ላይ ጉሮሯቸው ታሞ ከደብረ ኤልያስ ወደ ደብረ ማርቆስ እኔ ቤት መጡ። ሐኪሙ ሰኞ ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸዋል፣ ከዚያ ወዲያ ድምፅ የለም አለን። አልጋ ላይ ሆነው የተቀኟቸውን ቅኔዎች ገና ለማንም አልተናገሯቸውም። በሻከረ ድምፅ መቀረጹን አልወደዱም፤ «የብርጓል፣ አንቺ ጻፊልኝ» አሉኝ።

እኔ ደግሞ ያኔ ፓይተን የሚሉትን የኮምፒውተር ትምህርት ጀምሬ ልቤ አብጧል። በራሴ ፕሮግራም ካልሆነ አልጽፍም አልኩ። እሳቸው ይላሉ፣ እኔ እተይባለሁ፣ ፕሮግራሙ ፋይል ላይ ያስቀምጣል። በማግስቱ አዲስ ቅኔ ጽፌ ፋይሉን ብከፍተው የዚያን ቀኑ ብቻ ነው ያለው። የትናንቱ የለም።

ማን ይነካዋል? ቤት ውስጥ ከእኛ ሌላ ያለው ታላቅ ወንድሜ እንዳላማው ነው። እሱ ደግሞ ቅኔ በኮምፒውተር አይያዝም ብሎ ገና ድሮ አኩርፏል። ላፕቶፑን ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ያው ሆነ። የይለፍ ቃል አበጀሁ፤ እሱም አልበጀም። ስተይበው ጣቴን እያየ ነው አልኩ። ሻይ ሲያቀብለኝ እንኳ የማየው እጁን ነበር። ገልብጦ የሆነ ቦታ ደብቆታል፣ አስመልሰዋለሁ እያልኩ ቻልኩት።

ሰኞ ጠዋት አባቴ የመጨረሻውን ቅኔ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆነው ነገሩኝ፤ ጻፍኩት። እሳቸው ወደ ቀዶ ሕክምናው ሲገቡ እኔ ኮሪደሩ ላይ ወጥመዴን አጠመድኩ። በዚያው ፕሮግራም አንዲት መስመር ጻፍኩ፦ «እንዳላማው፣ ሌባው አንተ ነህ።» ላፕቶፑን አደራ ልሰጠውና ሲከፍተው ልይዘው ነው።

ከመስጠቴ በፊት ፋይሉን አየሁት። ያቺ መስመር ብቻ ናት ያለችው። ላፕቶፑ ከጭኔ አልወረደም፤ እንዳላማው ደግሞ መድኃኒት ሊገዛ ወጥቷል። አብራኝ ለምትማረው ለሂዊ ደወልኩላት። ፕሮግራሙ ላይ ፋይሉን በየትኛው ፊደል ከፈትሽው አለችኝ። በ«w» አልኳት። እሱ እኮ የነበረውን ጠርጎ ነው የሚጽፈው፣ እንዲጨምርልሽ ከፈለግሽ በ«a» ነው አለችኝ።

ያቺን አንዲት ፊደል ቀየርኳት። አሁን ፕሮግራሙ ምንም አያጠፋም።

በማግስቱ አባቴ ነቁ። በእጃቸው ዳብሰው ላፕቶፑን አገኙትና ክዳኑን መታ መታ አደረጉት። አንብቢልኝ ማለታቸው ነው። ከፈትኩት፤ ከያቺ መስመር ሌላ ምንም የለም። እንዳላማው ከኋላዬ ቆሞ ስክሪኑን ሲያነብ ትንፋሹ ይሰማኛል።

«አንብቢላቸው እንጂ» አለኝ።